አለሁ የሚሉ የጤዛ ማማዎች

ማማ ሃያ ሦስት በመብረቅ ከተመታ ሦስት ሳምንት ቢያልፈውም በየሰከንዱ «አለሁ» ማለቱን አላቋረጠም። ጤዛ አምባ ውስጥ ማማ ሲናገር ማንንም አይደንቅም። አርባ አንዱ ማማዎች ከጉም ውሃ እየጨመቁ ከተማውን የሚያጠጡ ናቸውና ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲጠራሩ ይውላሉ። የሚደንቀው የሞተው ሲናገር ነው።

ደምመላሽ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደከመም። የማማ ጠጋኝ ነው፤ ከወሬ ይልቅ ብሎን የሚያምን ሰው። አንድ ጆንያ ተሸክሞ የትርሲት ቢሮ ገባና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው፤ የተቃጠለ ሞተር፣ የቀለጠ ሽቦ፣ ከሰል የመሰለ ሰሌዳ።

«ይኸውልሽ ሃያ ሦስት» አላት። «በገዛ እጄ ነው የፈታሁት። አሁን እስቲ ስክሪንሽን እዪና ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

ትርሲት አየች። ሃያ ሦስት አረንጓዴ ነው።

«ስክሪኑ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ስክሪኑ አይሳሳትም ብለሽ ስታደርቂኝ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ነገሩ እውነት ነው። ትርሲት ይርዳው የዋርካ ጎተራ ጠባቂ ናት። ዋርካ የአምባው ሰዎች በበጎ ፈቃድ አሰባስበው የሚያሳድጉት የሊኑክስ ስርጭት፣ ማለት ማሽን ሁሉ የሚነዳበት ነፃ ሥርዓት ነው፤ ከሆስፒታሉ አልጋ እስከ ገመድ ታክሲው የማይሠራበት ማሽን የለም። ጎተራው ደግሞ ፕሮግራሞቹ ተፈትሸውና ታሽገው የሚቀመጡበት የጋራ ማከማቻ ነው። እያንዳንዱ የታሸገ ፕሮግራም ጥቅል ይባላል። እያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ በስሙ የሚጠየቅለት አንድ ባላደራ አለው። ባላደራ የሌለው ጥቅል በየሁለት ዓመቱ በሚወጣው አዲስ እትም ውስጥ አይገባም። ደንቡ አጭር ነው፤ ትርሲትም የምትወደው ለዚሁ ነው።

ብዙ ማሽኖችን አስተባብረው እንደ አንድ የሚያሠሩትን ጥቅሎች ሰዉ «ደቦ» ይላቸዋል። ድሮ ጎተራው ውስጥ አምስት የደቦ ጥቅሎች ነበሩ። የአንዱ ባላደራ አገር ለቀቀ፣ የሌላው ታከተው፣ ሌሎቹም ሞቱ። አራቱን ያወጣቻቸው ትርሲት ራሷ ናት። የቀረው አንዱ ስሙ «አለሁ» ሲሆን ማማዎቹን የሚያስተባብረው እሱ ነው። በየሰከንዱ እያንዳንዱ ማማ ለጎረቤቶቹ «አለሁ» ይላል። ዝም ያለ ማማ እንደሞተ ይቆጠራል፤ ሰፈሩም ከውሃው ድልድል ይወጣል። ይህን የወሰነው የከተማው ጉባኤ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በድርቁ ጊዜ፦ ማማው የሞተበት ሰፈር እስኪጠገንለት በራሱ ይወጣው።

«እኔ የሚገርመኝ» አለ ደምመላሽ ሽቦውን ወደ ጆንያው እየመለሰ፣ «የሃያ ሦስት ሰፈር ሰዎች ውሃ አልተቋረጠባቸውም። አንድም ቀን። ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

«ታዲያ ደስ አላላቸውም?»

«እነሱማ ምን ቸገራቸው። እኔ ነኝ እንጂ እንቅልፍ ያጣሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

እሱ ሲወጣ ትርሲት በሩን ዘጋችና የጥቅሉን ውስጥ ትመረምር ጀመር። ምሳዋን ረሳች። ዘጠኝ ሰዓት ግድም አገኘችው። አሥራ አንድ የኮድ መስመር ብቻ ነው፤ ያለ ማብራሪያ፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ሆኖ ከአንድ ረጅም ክፍል መሃል የተቀመጠ። የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ማማ ዝም ሲል ጎረቤቶቹ በተራ በስሙ «አለሁ» ይሉለታል።

የሞተውን ማማ አለ ሊያሰኝ የሚችል እጅ ያለውንም ሞቷል ሊያሰኝ ይችላል። አንድ ሰው ቢሻው አንድን ሰፈር በአንድ ጠዋት በውሃ ጥም ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው። አዲሱ እትም የሚዘጋው ከነገ ወዲያ ነው። «አለሁን» ካወጣችው ጎተራው ውስጥ ሌላ ደቦ የለም። ማማዎቹ በየግላቸው ይቀራሉ፤ ጉሙ ባለበት ያለው ሲጠግብ ቆላማው ሰፈር ይደርቃል። ከተወችው ደግሞ የማታውቀውን እጅ በከተማው ጉሮሮ ላይ እንዳለ ትታ አሽጋ መፈረሟ ነው።

የጥቅሉ ባላደራ መምህር ልሳነወርቅ ናቸው፤ ማኅተሙም የሳቸው ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባት። መምህሩ አምባው ውስጥ ግማሹን ሰው ስሌት ያስተማሩ፣ ሰው ሲያያቸው ሳያስበው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው አዛውንት ናቸው። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሊሠሩ? ወይስ ማኅተማቸው ተሰርቋል?

ጎተራው እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚከላከል ሥርዓት አለው። በየዓመቱ ዋርካን የሚያሳድገው ማኅበር ሁለት አባላት ስለ እያንዳንዱ ባላደራ «በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ሥራውንም ራሱ ይሠራል» ብለው ይፈርማሉ። ትርሲት ስለ መምህሩ የፈረሙትን ለማወቅ መዝገቡን ከፈተች። ሦስት ዓመት ተከታትሎ አንደኛዋ ምስክር ራሷ ናት።

በነዚህ ዓመታት አንድ ጊዜም ሄዳ አላየቻቸውም። ትልቅ ሰው ቤት ሄዶ «ለመሆኑ በሕይወት አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሏት ነው። ማኅተማቸው በጊዜው ይመጣል፣ ለደብዳቤ በጨዋ ቃል ይመልሳሉ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ሁለተኛው ምስክርም እሷ ከፈረመች ብሎ እንደፈረመ አልተጠራጠረችም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

በማግስቱ ጠዋት በገመድ ታክሲ ወደ መምህሩ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው።

«ግቢ ልጄ። አረፍ በይ።»

ትርሲት ተቀመጠች። ዓይኗ ቤቱን ፈተሸ። ግድግዳው ላይ የመምህሩ ካባ ተሰቅሏል፣ ትከሻው ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

«መምህርን ላገኛቸው ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።»

«እሳቸውን?» ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «አልፈዋል እኮ። በመጪው ወር ሦስት ዓመታቸው።»

ክፉ ነገር ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ካለቀሰች አስመሳይ መሆኗ ነው፣ ዝም ካለች ደግሞ ባለጌ።

«ታዲያ ማነው የሚፈርመው?»

«እኛ ነና። የእድራቸው ሰዎች፣ ሰባት ነን። አንዱ ጫማ ሰፊ ነው፣ አንዷ አዋላጅ ናት፣ እኔ ደግሞ ስህተት እለቅማለሁ። ሁሉንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። አንዳችንም ብቻችንን ግማሹን አናውቀው። ሰባታችን ስንቀመጥ ግን አንድ ልሳነወርቅ ይወጣናል።»

«ለምን አልነገራችሁንም? ቀብሩንስ እንዴት ሳንሰማ?»

«ቀብሩማ በአገራቸው ነው የሆነው፣ በኑዛዜያቸው። ጥሩምባ እንዳይነፋም እኛው ተማከርን። ብንነግራችሁ ምን ልታደርጉ ነበር?»

«ደንቡን እንከተል ነበር» አለች ትርሲት።

«ደንቡ አንድ ባላደራ ይላል» አሉ እትዬ አልጋነሽ። «ሰባት አይልም። ሌሎቹን አራት የደቦ ጥቅሎች እኮ አውጥታችኋል፤ ዓይናችን እያየ። በስምሽ ነው ማስታወቂያው የወጣው። ክፉ ልጅ ነሽ ማለቴ አይደለም፣ ደንብ ነው።»

ሴትዮዋ አልተርበተበቱም። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል፤ እኚህ ግን የተደበቀ ያላቸው አይመስሉም። ትርሲትን የበለጠ ያጠራጠራት ይኸው እርጋታቸው ነው። ጥያቄዋን ሳታለሳልስ ጣለችው።

«አሥራ አንዱን መስመርስ ከሰባታችሁ ማን ጻፈው?»

«እሱ የኛ አይደለም። የሳቸው ነው።» እትዬ አልጋነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካባው አዩ። «ከጉባኤው የመጡ ዕለት ነው። እጅ ተቆጥሮ ያ ደንብ የጸደቀ ዕለት። እራታቸውን አልበሉም። 'ያስተማርኳቸው ልጆች እጅ ሲያወጡ ቆጠርኩ' አሉኝና ተነስተው ጻፉ።»

ትርሲት ጉባኤውን ታስታውሳለች። አዳራሹ ሞቅ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ተቆጥቶ፣ «ለምን የሰነፍ ሰፈር ሸክም እንሆናለን» እየተባለ። እሷም እጇን አውጥታለች። ያኔ ልክ መስሏት ነበር።

«ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ለበጎም ቢሆን ውሸት ነው። የማማው ሞት ካልተሰማ ማን ይጠግነዋል? ስንት ማማ ነው እንዲህ ሞቶ የቆመው?»

«ጥቅሉ የሞቱትን ማማዎች ዝርዝር ይይዛል» አሏት ሴትዮዋ። «የት እንዳለ አሳይሻለሁ። ግን ቁጭ ብለሽ እዪው።»

ቢሮዋ ተመልሳ ዝርዝሩን ከፈተች። ከአርባ አንዱ ዘጠኙ ሞተዋል። የመጀመሪያው ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። በሦስተኛው መስመር ላይ ማማ ስምንት አለ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ማማ ስምንት የሷ ሰፈር ማማ ነው።

አላመነችም። ሳታስበው ስልኳን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። ማማ ስምንት ከቤቷ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ሲያፏጭ ትሰማዋለች፣ ፉጨቱንም ስለምትሰማ ደህና ነው ብላ ትኖራለች። በብረት መሰላሉ ወጣች። መረቡ ተቀዷል፤ የሚያፏጨውም ነፋሱ ነው። መዳፏን ቧንቧው ላይ አደረገች፤ ደረቅ ነው፣ ንዝረት የለውም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ስክሪን አረንጓዴ ካለ ጠጋኝም አይመጣ፣ ጎረቤትም አይወጣ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የጠጣችው፣ ያጠበችው፣ አበባዋን ያጠጣችበት ውሃ የሌላ ሰፈር ነው። ያ አዳራሽ ውስጥ ሰነፍ ያለቻቸው ሰፈሮች ውሃ ነው።

አፈረች። ከሀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ለራሷም ልትነግረው ያልወደደችው፦ ዝም ብል ማን ያውቃል?

ማንም አያውቅም። ደምመላሽን «ስክሪኑ ነው የተሳሳተው» ብላ ልትሸኘው ትችላለች። ለመምህሩ አራተኛ ዓመት ትፈርማለች። ከተማው ይጠጣል፤ ማማዎቹም አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ የቀሩት ስለ ሞቱት እየመለሱ፣ አንድ ቀን መላሽ እስኪታጣ።

እትሙ በሚዘጋበት ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈችው። ባላደራው መሞታቸውን፣ ሰባት ሰዎች በስማቸው እንደሚሠሩ፣ እሷም ሳታይ አየሁ ብላ መፈረሟን። አሥራ አንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በግልጽ አስፍራ ዘጠኙን ሰፈሮች ዘረዘረች፤ የራሷን ቀዳሚ አድርጋ። ጥቅሉ በአዲሱ እትም ውስጥ እንዳለ እንዲቆይ፣ እሑድ ጉባኤ ተጠርቶ ያ የድርቅ ጊዜ ደንብ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው በድጋሚ ድምፅ እንዲሰጥበት ጠየቀች። ላከችው። ለመላው አምባ ደረሰ።

ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ያገኘቻቸው ሰዎች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያነቡ ነበር። አንድ ሁለቱ ቀና ብለው አዩዋት፣ ሰላምታ ግን አልሰጡም። እሑድ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ለየትኛው እንደሚያወጡ አሰበች። እነሱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ ራሷን ታውቃለች።

በሩን ዘግታ፣ ውሃው ሳይቆረጥባት፣ ሁለቱን ጀሪካኖች ከጓዳ አወጣች። ከዚያ ባልዲውን፣ ከዚያ ትልቁን ድስት። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተች። እጇ ይፈጥን ነበር። አንደኛው ጀሪካን ሞልቶ ሁለተኛውን ስታስጠጋ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ሰማች። ጎረቤቷ ዘሃራም እየሞላች ነው። ከታች ቤትም እንዲሁ። ጆሮዋን ስትሰጥ ሰፈሩ በሙሉ፣ ከዚያም ባሻገር በጉብታው ቁልቁል፣ ውሃ በዕቃ ላይ ሲንዶቀዶቅ ይሰማል። የሞተ ማማ ያላቸውም፣ ያልሞተባቸውም።

የሷ ቧንቧ ውሃ ቀጠነ። ክር አከለ።

ትርሲት ዘጋችው። ወጥታ የዘሃራን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ትርሲት። ክፈችልኝ፣ እንነጋገር።»

ከውስጥ የውሃው ድምፅ ቆመ። ዘሃራ ትንፋሿን ይዛ ከበሩ ጀርባ እንደቆመች ታውቋታል። ቆይቶ ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማ ተብሎ።

ትርሲት ደግማ አንኳኳች።