ለሄንሪ የተከፈተው በር

ይህ ተረት አይደለም። ለንደን፣ ዊልስደን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ...

አልታየሽ ከአዲስ አበባ ሸሽታ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሥራዋ አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ማስታመም ነበር። ኮሎኔል ሃርግሬቭ ይባላሉ። ጉልምስናቸውን ህንድ አገር፣ በእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። አሁን እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ቀርተዋል።

ልጃቸው ማርጋሬት ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠነቀቀቻት።

«አስር ሰዓት ሲሆን በሩን ክፈቺ ይሉሻል። እንዳትከፍቺ።»

«ለምን?»

«ብቻ... አትክፈቺ።»

እውነትም ሰዓቱ ሲደርስ ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ።

«ሄንሪ መጣ... ክፈቺለት።»

አንድ ቀን ሄንሪ ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ወንድ ልጃቸው ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ። እናቱ እግራቸው ላይ ወድቃ እየለመነች፣ «የፈረሰኛ ልጅ ውሃ አይፈራም» ብለው የሞላ ወንዝ በፈረስ እንዲሻገር አዘዙት።

ፈረሱ ብቻውን ተመለሰ።

ኮሎኔሉ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ተገኙ። ብዙም ሳይቆይ ማዕረግ ተጨመረላቸው። ሚስታቸው ግን እስክትሞት ድረስ አላናገረቻቸውም።

ይህን ከሰማች በኋላ አልታየሽም መስማት ጀመረች።

መጀመሪያ ኮቴ... ከሩቅ፣ አስፋልቱ ላይ።

ከዚያ የጭቃ ሽታ በበሩ ስር ገባ።

ከዚያ የበሩ እጀታ ረጥቦ አገኘችው።

ከውስጥ በኩል።

ለማርጋሬት ስልክ ደወለች። «እኔም ሰማሁ። በሩ ድረስ መጥቶ ይቆማል።»

ማርጋሬት፣ «በሩ ድረስ?» አለች። «ድሮ መንገዱ ጫፍ ላይ ነበር የሚቆመው።»

በማግስቱ ከባድ በረዶ ጣለ። አስር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ... ወደ ታች፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ።

«ልጄ፣ እባክሽ... በርዶታል» አሉ ሽማግሌው። እያለቀሱ ነበር።

አልታየሽ ወንድሟን አሰበች። ወታደሮች ከቤት ወስደውት የደረሰበት አልታወቀም። እናቷ እሱን ስትጠብቅ ዛሬም በር አትቆልፍም።

ሄዳ ከፈተች።

ማንም የለም። ደጁ ላይ ማንም ያልረገጠው ነጭ በረዶ ብቻ።

በሩን ቆልፋ እየሮጠች ተመለሰች። ኮሎኔሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትንፋሽ የለም።

ጎረቤት ልትጠራ መስኮቱን ከፈተች...

ከደጁ ተነስቶ መንገዱ መሃል የሚደርስ ዱካ ነበር። የፈረስ ኮቴ። ከጎኑ የልጅ ባዶ እግር። ከልጁ ጎን የትልቅ ሰው ባዶ እግር።

መንገዱ መሃል ሲደርስ ሦስቱም ይጠፋሉ። የመመለሻ ዱካ የለም።

አልታየሽ ወደ አልጋው ዞረች። ብርድ ልብሱን ከኮሎኔሉ እግር ላይ ገለጠችው።

ጣቶቻቸው መሃል በረዶ ነበር... ገና ያልቀለጠ።