ከመንገዱ ማዶ

«የሃሩን ነገር ግን እንዳታነሺ፤ እሺ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ባንግ የሶዩልን ኮሌታ እያስተካከሉ። «እንግዶቹ ከሞክፖ ድረስ የመጡት ከእኛ ሊማሩ ነው። የተሳካልንን እናሳያቸው።»

እትዬ ባንግ እዚህ በኮሪያዋ ቡሳን ከተማ የሰፈሩን የመረዳጃ ፋውንዴሽን ይመራሉ፤ እንግዶቹም በከተማቸው ተመሳሳይ ድርጅት አላቸው። የሶዩል እናት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ ልጅቷን በፋውንዴሽኑ የልጆች ማዋያ ያበሏትና ያስጠኗት እትዬ ባንግ ናቸው። ዛሬ የተጠራችው ይህንኑ እንድትናገር ነው።

ሃሩ የጓደኛዋ የኢሱል ታናሽ ወንድም ነበር። ኢሱል ማዋያው እንዲቀበለው ብትለምን፣ «ቤታችሁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ የእኛ ክልል አይደለም» ተባለች። በብርዱ ወራት ሃሩ ብቻውን ቤት ሆኖ እህቱን ሲጠብቅ፣ ማሞቂያው እሳት አስነሳ። ከቀብሩ ወዲህ ኢሱል ሶዩልን አናግራት አታውቅም። ምን ብላ ታናግራት? ሶዩል ከመንገዱ ወዲህ ያለች ልጅ ናት።

ሶዩል ስለ ትኩሱ ሾርባና ስለ ሒሳብ አስጠኚዋ ተናገረች። ተጨበጨበላት። ከእንግዶቹ መካከል አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው እጃቸውን አወጡ።

«ሳትደርሱለት የቀራችሁ ልጅ አለ?»

እትዬ ባንግ ቀና ብለው ሶዩልን አዩዋት። እሷ ግን መለሰች።

«አለ። ሃሩ ይባላል። የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበር ‹ቶዩል› ነበር የሚለኝ። ማዋያችን ሊገባ ፈልጎ... ማዶ ነህ ተባለ። አሁን የለም።»

ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ባንግ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እኛም ሳንደርስላት የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርንም።» ወንበራቸውን ወደ እትዬ ባንግ አስጠግተው፣ «እስቲ ስለ ሃሩ ይንገሩን፤ ከመጀመሪያው» አሏቸው።

ሶዩል ቀስ ብላ ወጣች። ለኢሱል ስንት ጊዜ መልእክት ጽፋ አጥፍታለች። አሁን ግን ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«ምን ፈለግሽ ባክሽ?»

«ምንም። ስለ ሃሩ አወራሁ፤ ሰው ፊት። ካልፈለግሽ አታውሪኝ፤ ብቻ እንዳትዘጊው።»

ከወዲያ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ። ሶዩል ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ለመነሳትም አልቸኮለችም።