ቀይ ኮፍያ ያለው ሰውዬ

ስክሪኑ ላይ ፀሐይ መጥለቅ ስትጀምር ድንቢጥ እንደ ሁልጊዜው ሴቭ ሳታደርግ ጌሙን አጠፋችው። የለቀመችው እንጨት፣ ያጠመደችው ዓሣ፣ የጠገነችው አጥር፣ ሁሉም ውሃ በላው።

ጌሙ ክፉ ነው። እንደሌሎቹ ባሻችሁ ቦታ ቆማችሁ ሴቭ አታደርጉበትም። ሴቭ የሚያደርገው ስትተኙ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከራባችሁ ወይም አውሬ በአቅራቢያችሁ ካለ አልጋው አይቀበላችሁም። የሚይዘውም አንድ እንቅልፍ ብቻ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ይደመስሰዋል። ይህን ደረጃ የመረጠው ታላቅ ወንድሟ ነበር። «ሌላውማ የሕፃን ነው» ብሎ። ድንቢጥ የሚለውን ቅጽል ያወጣላትም እሱ ነው።

የመጨረሻው እንቅልፍ የሱ ነው። ሆስፒታል የገባ ዕለት ጠዋት ቀይ ኮፍያ ያለውን የጌሙን ሰውዬውን ጎጆው ውስጥ አስተኝቶ፣ «ስመለስ እንቀጥላለን» አላት። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚያው ጠዋት ትነሣለች፣ እስኪመሽ የራሷን የጌም ሴትዮ ይዛ ብቻዋን ትጫወታለች፣ ታጠፋዋለች። ሰውዬው አልጋው ላይ እንደተኛ ነው። እሷ አታለቅስም። «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፤ ሲያቀርቡላት ትበላለች። ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ሁለመናዋ ደንዝዟል።

ቅዳሜ ከሰዓት ስትጫወት እናቷ አቧራ ልትወለውል ገባች። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን የወንድ ልጇን ጆይስቲክ አንሥታ በጨርቅ ስታሸው አንዱን ቁልፍ ተጫነችው። ባለ ቀይ ኮፍያው ሰውዬ ብድግ አለ።

«እማ! አትንኪው!»

«ውይ! ምን ነካሁ?» እናቷ ስክሪኑን አየች። «ይሄ... የሱ ነው?»

«አዎ፣ የሱ ነው።»

ድንቢጥ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። ብታጠፋው ተመልሶ ይተኛል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል።

«እንዴት ነው የሚሄደው?» አለች እናቷ፣ የድንቢጥ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ።

ከቀብሩ ወዲህ እናቷ ስለ ምንም ነገር ጠይቃ አታውቅም። ድንቢጥ እጇን መለሰች። «በግራ አውራ ጣትሽ» አለቻት።

ሰውዬው ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ወንዝ ውስጥ ገባ። ተኩላ ሲመጣበት እናቷ፣ «ወይኔ ልጄን! ሂድ ወዲያ፣ ምን አባክ!» እያለች ቁልፎቹን ሁሉ ደበደበቻቸው። ተኩላው ሸሸ። ድንቢጥ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ደግሞ ይሄ ቤት ምን ሆኖ ነው ጣሪያው የተበሳው? ዝናብ ቢመጣስ?» አለች እናቷ። ደፈኑት። እናቷ በደፈነችው በኩል ተንጋደደ።

መሸ።

«አሁንስ?» አለች እናቷ።

«ወይ እናጠፋዋለን ወይ እንተኛለን። ካጠፋነው የሠራሽው ሁሉ የለም። ከተኛን ግን የሱ እንቅልፍ ይጠፋል» አለች ድንቢጥ። «እሱ ካስተኛው ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። እኔ ነኝ ያቆየሁት። በየቀኑ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አለች እናቷ። «አንቺ ያልሽው ይሁን።»

«እሺ። አስተኚው።»

እናቷ ወደ አልጋው ወሰደችው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን ይላል?»

«ርቦታል፤ አይተኛም ነው የሚለው።» ድንቢጥ በሆዷ፣ እሰይ፣ እንግዲህ ማጥፋት ነው አለች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነበር።

«ታዲያ ጦሙን ሊያድር ነው?» እናቷ ከልቧ ተቆጣች። «ምንም የሚበላ የለም?»

ድንቢጥ እናቷን አየቻት። ከዚያ ጣቷን አንሥታ፣ ለራሷ የያዘችውን ዓሣ ለሰውዬው ሰጠችው። ሲበላ ሁለቱም አዩት።

ሰውዬውንና የድንቢጥን ሴትዮ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ስክሪኑ ጨለመ።

«አሁን ምን ይሆናል?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ይነጋል» አለች ድንቢጥ።