ማንሆሉን አልደብቅም

በሩን ሳታንኳኳ ገባች። የተጠቀለለውን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ቀዩ እስክሪብቶ አንተ ነህ?»

ወጣቱ መሐንዲስ ቀና አለ። የጎርፍ መውረጃ ሥዕሎችን መርምሮ የሚያጸድቀው እሱ ነው። ስህተት ያየበትን ሁሉ በቀይ ስለሚከብ በየንድፍ ቢሮው ይህ ቅጽል ወጥቶለታል። እሷ ደግሞ በታላቅ ወንድሟ ቢሮ ንድፍ ትሠራለች፤ ቁጣዋ የገለባ እሳት ነው።

«መሰለኝ... ምን አጠፋሁ?»

«ማንሆሌን ከበብክብኝ!»

«ክዳኑ ከመሬት አንድ ሜትር በላይ ተንሳፏል እኮ። መኪናው ዘሎ ይለፈው?»

«ይሄ የምታየው መስመር የድሮው መሬት ነው! መንገዱ ሲሠራ አፈር ተሞልቶ ከፍ ይላል። ክዳኑ በአዲሱ መንገድ ልክ ነው!»

«ታዲያ አዲሱ መንገድ የታለ? ፕሮፋይሉ ላይ አላሳየሽውም።»

ፕሮፋይል ማለት መንገዱ እንደ ዳቦ ተሰንጥቆ ከጎን ሲታይ ነው፤ መሬቱ፣ ቱቦው፣ ቱቦዎች የሚገናኙበት ጉድጓድ ማንሆሉ ሁሉ ከነጥልቀቱ። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዙራ ፋይሉን ከፈተችና አዲሱ መንገድ እንዲታይ አደረገች። አንዲት መስመር ብቅ ብላ ክዳኑ ጫፍ ላይ አረፈች።

«ልክ ነበርሽ» አለ። «ግን ካላሳየሽው ማን ይወቅልሽ?»

ሳቀች። ያኔ ነው ፊቱን በደንብ ያየችው፤ ልቧም ያኔውኑ ከዳት።

ከዚያ ወዲህ ሥዕል ለማስረከብ ሌላ ሰው መላክ ቀረ፤ እሷው ትሄዳለች። በምሳ ሰዓት አብረው ይወጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም፤ ወንድሟ ሰማ። ይቆጣል ስትል ጭራሽ ደስ አለው።

«ጎሽ! ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ማንሆል ከፕሮፋይሉ ደብቂልኝ።»

«ለምን?»

«የሚወጣው ቱቦ ከሚገባው ከፍ ብሏል። እንደገና እንሥራው ካልን ሥራው ይጓተታል። ልጁ እንደሆነ አንቺን እያየ ሥዕሉን አያይም።»

«ጋሼ፣ ከሥዕሉ ብንደብቀው ከጎርፉ አንደብቀውም! ውሃው የልጆቹ መግቢያ ላይ ነው የሚተኛው።»

«እምቢ ነው?»

«እምቢ!»

ወንድሟ ራሱ ደበቀውና ሥዕሉን ላከ። ሥዕሉ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «ማንሆሉ የት ሄደ?» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ፊርማው ግን የሌላ መሐንዲስ ነው።

«ሰውዬሽ የእኛን ሥራ አላይም ብሎ ለሌላ አስተላልፏል አሉ» አላት ወንድሟ። «አየሽ? ሸሸሽ!»

ደሟ ፈላ። እየሮጠች ሄደች።

«ከሰለቸሁህ ፊት ለፊት ንገረኝ!»

«ማን ሰለቸሽኝ አለሽ?» ከወንበሩ ተነሣ። «የምወዳትን ልጅ ሥራ ራሴ ላጸድቅ? ሥራሽ ባለፈ ቁጥር በፍቅር አለፈ ይሉሻል። እኔ ደግሞ በራስሽ እውቀት እንዲያልፍ ነው የምፈልገው። ደግሞ... ልጠይቅሽ ያሰብኩት ነገር አለ።»

«ጠይቀኛ!»

«ታገቢኛለሽ?»

እንባዋ ቀደማት።

«አገባሃለሁ! ማን ሊከለክለኝ?»

የሚከለክላት ሰው ግን ቢሮ ቆሞ ጠበቃት።

«ሥራዬን የሚያስጥለኝ አማች አልፈልግም!» አለ ወንድሟ ዜናውን ስትነግረው። «ወይ እሱን ወይ እኔን ምረጪ! እሱን ካገባሽ ይቺን ወንበር እርሺያት።»

«አንተን አልመርጥህም፤ ወንድሜ ነህ፣ እናቴ ናት የሰጠችኝ። እሱን ግን መርጫለሁ፣ አገባዋለሁም! ወንበሯንም ውሰዳት። ማንሆሉን ሳላሳይ ግን አልሄድም!»

ተቀመጠች። ማንሆሉን ወደ ፕሮፋይሉ መለሰችው። ገቢው ቱቦ ዝቅ፣ ወጪው ከፍ ብሎ ጥፋቱ አገጠጠ። ወንድሟ ከጀርባዋ ቆሞ ውሃው ወደ ትምህርት ቤቱ በር የሚመለስበትን መስመር በጣቱ ተከተለ። በመጨረሻ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወጪውን ስንት ዝቅ እናድርገው?»

«መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ በለኝ።»

«አንቺ ግትር!» ድምፁ ተሰበረ። «እንኳን ደስ አለሽ...»

ከዚያ በኋላ ነው ልኩን የነገረችው።