መሀሉን ለነጭ

«ኧረ መሀሉን ለቀቀችለት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ታንጉት ቀና አላለችም። ጥቁሩ የእሷ ነው። ደርበው ነጭ ወታደሮቹን የቼዙ ሰሌዳ መሀል ላይ ደርድሮ ደረቱን ነፍቷል፤ የደባርቅ ወጣቶች ማኅበር ሻምፒዮን አይደል! እሷ ግን በሰያፍ የሚሄደውን ጳጳሷን ጥግ ላይ ደብቃለች። «መሀሉን ይያዘው፤ የያዘውን ሁሉ ሲጠብቅ ይደክመዋል» ብለው ነው የሒሳብ አስተማሪዋ ጋሽ ላቀው ያስተማሯት።

ጋሽ ላቀውን የደርግ ታጣቂዎች ከክፍል አውጥተው ወደ ጎንደር እስር ቤት ከወሰዷቸው ወራት አልፈዋል። ስማቸውን ደፍሮ የሚያነሳ የለም። ያለ ይለፍ ወረቀት ከደባርቅ ንቅንቅ ማለት አይቻልም፤ የዛሬው አሸናፊ ግን ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ጎንደር ይላካል። ታንጉት ለዋንጫው ደንታ የላትም። እስር ቤቱ ደጅ ደርሳ እሳቸውን መጠየቅ ብቻ ነው የምትፈልገው።

አንድ ወታደሯን ከጎን ገፋች። ደርበው ሳያመነታ በላው። መሀሉ ተከፈተ፤ ያደፈጠው ጳጳስ ከጥግ እስከ ጥግ ዘልቆ ግንቡን በላበት። ደርበውን ላብ አጠመቀው። ጥቂት ተፍጨርጭሮ መሸነፉን አምኖ ንጉሡን በጣቱ ጣለ።

«ጉድ ሠራሽኝ ባክሽ» አለ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

የማኅበሩ ካድሬ ጓድ አገኘሁ አጠገቧ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ጎበዝ! ግን መሀሉን ለጠላት መልቀቅ የማን ትምህርት ነው?»

ታንጉት የወደቀውን ንጉሥ አንስታ ሰሌዳው ላይ አቆመችው።

«ማኅበሩ ነው ያስተማረኝ በይ፤ ነገ ጎንደር ነሽ። ሌላ ስም ከጠራሽ ደርበው ይሄዳል።»

ታንጉት አፈረች። ቢሆንም ጎንደር ደርሳ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው እንደሆኑ አይቀየሙም።

«እሺ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጓድ፣ እዚያ ስሄድ ጋሽ ላቀውን መጠየቅ ይፈቀድልኛል? አስተማሪዬ ናቸው።»

ጓድ አገኘሁ ትንሽ አያት።

«ነበሩ በይ» አላት። አልተቆጣም። የሰዋስው ስህተት የሚያርም ነው የሚመስለው።

ገድለዋቸዋል ማለት ነው። ወንበሩን ያዝ አደረገች። ጎንደር ሄዳ ምን ልታደርግ ነው?

ካድሬው ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን አነሳ። «ጓዶች! አሸናፊያችንን ለዚህ ያበቃት ማን እንደሆነ ራሷ ትነግራችኋለች።»

ደርበው በዓይኑ «ተይ» አላት፤ የማንን ስም ልትጠራ እንደሆነ ሊገባው ጀምሯል።

«ያስተማሩኝ ጋሽ ላቀው ናቸው» አለች ታንጉት፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሟት አድርጋ።