የአራት ቀን ጤዛ

«እህ፣ ምን ይላል?» አለ አባቷ የጉረኖው በር ላይ ቆሞ። የመሸለቻው መቀስ በእጁ ነው።

ሚጣ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ የእሜቴ ፀጉር ውስጥ ቀብራ ዳሰሰች። እሜቴ ከአሥራ አንዱ በጎች ትልቋ ናት፤ ስታመነዥክ እንኳ ኩራቷ አይጣል ነው። ፀጉሯ ከላይ ቆሻሻ ቢመስልም ከሥሩ ነጭና ሞቃት ነበር። እርጥበት የሚባል ነገር የለውም።

«እርጥብ ነው» አለች።

አባቷ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመና የለም። «ሌሊት ጤዛ ጥሎ ይሆናላ» አለና መቀሱን ሚስማሩ ላይ መልሶ ሰቀለው።

ይህ አራተኛ ቀኑ ነው። እርጥብ ፀጉር አይሸለትም፤ ጆንያ ውስጥ ሲታጨቅ ይሻግትና የዓመቱ ልፋት ገደል ይገባል። የአባቷ መዳፍ ደግሞ ከሥራ ብዛት ደንድኖ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ከተወ ቆይቷል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ በጎቹን እየዳሰሰች የምትናገረው ታላቅ እህቷ ነበረች። እሷም ኮሌጅ ገብታ ስትሄድ ሥራውን ለሚጣ አወረሰቻት። አባቷ ሚጣ ያለችውን ሁለቴ ጠይቆ አያውቅም።

«ሳልመጣ እንዳትሸልቱ» ብላ ነበር እህቷ። ሚጣም የያዘችው ይህንኑ ነው። የሽለታ ቀን ቤታቸው ሳቅ የሚሰማበት ቀን ነበር። እህቷ በጊቱን በጉልበቶቿ መሃል ትይዝና እንደ ፀጉር አስተካካይ «እመቤት፣ ጎኑን ትንሽ እናሳጥረው?» ትላለች፤ አባታቸው መቀሱን አስቀምጦ እስኪስቅ ድረስ። አሁን ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ቢኖርም ዝምታው ለአምስት ይበቃል። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?»፣ «ደህና»፣ በቃ። ብቸኝነቱ ከብዷታል፤ ለማን ትናገረው?

ቅዳሜ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ሲጮህ ቤት ነበረች።

«ሚጣዬ፣ በዚህ ሳምንት አልመጣም» አለች እህቷ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። «የግሩፕ አሳይንመንት ተቆልሎብናል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሙች ስልሽ!»

«ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ብለሽ ነበር።»

«አታካብጂ በናትሽ። በጎቹ የት ይሄዳሉ?»

ሚጣ ስልኩን ዘግታ ቀኖቹን ቆጠረች። ሰባት ቀን ሙሉ «እርጥብ ነው» ልትል ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበዳት።

በጎቹን ልታይ ወደ መስኩ ስትወርድ አሥሩን አገኘች። እሜቴ የለችም። ወዲያ ወዲህ ስትል አሮጌው ቦይ ውስጥ አራት እግሮች ወደ ሰማይ ተሰቅለው አየች። ሙቀቱ ሲበረታባት ጀርባዋን ልታክ ተንከባላ፣ የፀጉሯ ክብደት አላስነሣ ብሏት ኖሯል። ሆዷ ተነፍቷል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በጀርባው የወደቀ በግ ቶሎ ካልተነሣ እንደሚሞት ሚጣ ከአባቷ ሰምታለች።

«እቴቴ!» ብላ ተጣራች፤ ድሮ እንዲህ ሲሆን እህቷን ነበር የምትጠራው። የመለሰላት የለም።

ቦዩ ውስጥ ገብታ ፀጉሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ሳበች። እሜቴ ንቅንቅ አላለችም። ትከሻዋን ከጎኗ ሥር አስገብታ ደግማ ገፋች፤ በሦስተኛው በጊቱ ተገለበጠችና ቆመች። ቆማም ተንገዳገደች። ሚጣ እንዳትወድቅባት በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ያዘቻት። ፀጉሩ በእጇ ውስጥ እሳት ነበር፤ ደረቅ፣ ድርቅ ያለ። ያኔ አለቀሰች።

እሜቴን እየነዳች ስትመለስ አባቷን ደጅ ላይ ጆንያ ሲጠቅም አገኘችው።

«አባዬ፣ ፀጉሩ ደረቅ ነው።»

«ፀሐዩ አደረቀው አይደል?» አለ ቀና ሳይል።

አዎ ብትለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ጠዋትም ደረቅ ነበር። ትናንትም። አራቱንም ቀን ዋሽቼሃለሁ። እሜቴ ደግሞ አሁን ቦይ ውስጥ ወድቃ ለትንሽ ተረፈች።»

መርፌው ቆመ።

«እህትሽ መቼ እመጣለሁ አለች?»

«በሚቀጥለው ሳምንት። እኔ እንጃ።»

«ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው ስትዪኝ» አለ ዓይኑን ወደ መንገዱ ልኮ፣ «እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

ሚጣ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ጆንያውን አጣጥፎ ተነሣ። «በይ፣ እሜቴን አስቀድሚያት።»

መቀሱን ከሚስማሩ አወረደችለት። ከጎኑ የተሰቀለውን የእህቷን ሽርጥም አወረደችና ማሰሪያውን ወገቧ ላይ ሁለቴ አዙራ አሰረችው። ከዚያ እሜቴን በጉልበቶቿ መሃል ያዘች። አባቷ መቀሱን ከፍቶ ጠበቀ።

«እመቤት» አለች ሚጣ፤ ድምጿ ቀጭን ነበር። «ጎኑን ትንሽ እናሳጥረው?»