የቀለም ቀቢው ብርቱካን

ሰው ሁሉ በሙያው ዓይን ያያል። ልብስ ሰፊ ኮሌታችንን፣ ጫማ ጠጋኝ እግራችንን ያያል። የዚህ ታሪክ ባለቤት ደግሞ ቀለም ቀቢ ነበርና ከቀለም በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። እናንተም እንደ እኔ በልጣጭ ተታልላችሁ የምታውቁ ከሆነ አትፍረዱበት።

ሚስቱ ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቤቷ ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። ቁስሉ እየደረቀ ቢሆንም ምግብ አልዋጥ ብሏታል። ሐኪሙ፣ «እስከ ቅዳሜ የረባ ነገር መውሰድ ካልጀመረች ተመልሳ ሆስፒታል ትተኛለች» ብሏል። ሐሙስ ጠዋት ታዲያ፣ «የብርቱካን ጭማቂ አማረኝ» አለች። ባልየው ከደስታው ብዛት የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ወደ ፍራፍሬ ሱቁ ሮጠ።

የሱቁን ባለቤት ሰፈርተኛው «እትዬ ሚዛን» ይላቸዋል፤ ፍሬውን በእጃቸው አንስተው ብቻ ክብደቱን ይናገራሉና። ቀለም ቀቢው ትልልቁን፣ ደማቁንና የሚያብረቀርቀውን ይለቅም ጀመር።

«እሱ ልጣጭ ነው እንጂ ውሃ የለውም፤ ይኼን ውሰድ፣ ትንሽ ነው ግን ይከብዳል» አሉት፣ ጎኑ አረንጓዴ የሆነ ብርቱካን እየዘረጉለት።

«እትዬ፣ ስለ ቀለም ለእኔ ይነገረኛል? ያልበሰለ ነገርማ ለታማሚ አልሰጥም።»

«ብርቱካን እኮ ጎኑ አረንጓዴ ሆኖም ይበስላል። ደግሞ ሳትቆርጠው እጠበው። ስንት እጅ እንደነካው አታውቅም፤ ቢላዋው የላዩን ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።»

«ልጣጩን አንጠጣው፣ ምን ያሳጥበዋል?» አለና ምክራቸውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎት ሄደ።

ቤት ገብቶ ሳያጥብ ሰነጣጠቃቸው። ልጣጫቸው የፎጣ ያህል ወፍራም ነበር። ስምንት ብርቱካን ጨምቆ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ሲያገኝ ተናደደና የቀረውን ከነነጭ ክፍሉና ከነዘሩ በጁስ መፍጫው ፈጨው። ሚስቱ አንዴ ተጎነጨችና ፊቷን አጨማደደች።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፤ ቆየት ብዬ እጨርሰዋለሁ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ነገሩ ገባውና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ብርጭቆው ቀኑን ሙሉ ሳይከደን ዋለ። አመሻሽ ላይ፣ «ለፍቼበት አልደፋውም» ብሎ ራሱ ጨለጠው። አርብ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ተመልሶ ለመግባት ብቻ ሆነ። «እባክህ አታስቀኝ፣ ስፌቴ ይለቃል» አለችው ሚስቱ ሆዷን በትራስ ደግፋ። እሱም አብሯት ይስቅ ነበር፤ በአራተኛው ምልልስ ግን ሳቁን ተወ። ይህን እሷ ጨርሳው ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ ሻል ሲለው እትዬ ሚዛን ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ የሆነውንም አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

«አንተ፣ ርጥበት የበላው ግድግዳ ቀብተህ አታውቅም?» አሉት።

ያውቃል። ባለቤቶቹ ሲያቻኩሉት ሻጋታውን ሳይጠርግ ደማቅ ቀለም ለቅልቆበት ያውቃል፤ ሁለት ወር ሳይሞላው መላጡንም ያውቃል።

«ቀብቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው የላይ ማማር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እጅህን ዘርጋ።» በአንድ እጁ ትልቁን፣ በሌላው ትንሹን አስያዙት። ትንሹ ይከብዳል። ልጣጩ ስስ ነው፤ ሲጫኑትም አይሟሽሽም። ከትንንሾቹ ስድስት ገዝቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት እጁን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና አጠበ። ብርቱካኖቹን በሚወርድ ውሃ ሥር፣ ቀለም ነክቶት በማያውቅ አዲስ ብሩሽ ፈተጋቸው። እያንዳንዱን ለስለስ እስኪል በመዳፉ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ወገባቸው ላይ ቆርጦ፣ ነጩን ክፍል ሳይደፈጥጥ ጨመቀና ዘሩን አጠለለ። ከስድስት ብርቱካን ሁለት ብርጭቆ ሞላ። ሳይቆይ አንዱን ይዞላት ገባ።

ሚስቱ ጥሩ ነው አላለችም። የብርጭቆው ቂጥ እስኪታይ ድረስ ጠጣች።

«የቀረ የለም?»

ሁለተኛውን ሊያመጣ ወደ ማድ ቤት ሄዶ እዚያው ቀረ። «ምነው ዘገየህ?» ስትለው፣ «ብርቱካኑ ዓይኔ ውስጥ ፈነጠቀ» አላት። ሁለተኛው ብርጭቆ ግን ቀድሞ የተሞላ ነበር፤ የሚጠርገው እንባውን ነው። በዚያው ቀን ሐኪሙ አይቷት ወደ ቤቷ መለሳት።

ወገኖቼ፣ ለምንወደው ሰው የምናቀርበውን ነገር በዓይን ብቻ አንምረጥ፤ በእጃችን እንመዝነው። «ልጣጩ ይጣላል» ብለንም መታጠቡን አንናቅ።

ማታ የቀለም ቀቢው ስልክ ጠራ። አንድ ደንበኛው ነው። «ሰኞ ተከራይ ይገባል፤ ሻጋታው እንዳይታይ ነገ መጥተህ ላይ ላዩን ቀባ ቀባ አድርግልኝ።»

ቀለም ቀቢው ባዶውን ብርጭቆ አየ፤ ሚስቱን አየ።

«ነገ እመጣለሁ» አለ፤ «መጀመሪያ ግን ይታጠባል።»

ሚስቱ ትራሷን ሆዷ ላይ ይዛ ሳቀች።